ስም አትጻፍ፤ ሰውየውን ጻፍ

አጎቴ መተማ ገበያ፣ ከግራሩ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ወደ ሱዳን ለተሰደዱ ሰዎች ከዘመዶቻቸው የሚላከውን ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። ጣልያን ኬላው ላይ ደብዳቤ እየከፈተ በአስተርጓሚ ያስነብብ ስለነበር፣ ደብዳቤ ውስጥ ስሙ የተገኘ ሰው አይተርፍም ነበር። ለዚህ ነው ሙያውን ሲያስለምዱኝ «ስም አትጻፍ፤ ሰውየውን ጻፍ» ይሉኝ የነበረው።

አንድ ቀን ልጇ ከአርበኞች ጋር ጫካ የገባባት እናት፣ ከድንበሩ ማዶ ገላባት ላለው ባሏ አስጻፈችኝ። «ልጃችን ደኅና ነው» ብዬ ጻፍሁ። አጎቴ አዩና ቀደዱት።

«ይኼማ የማንም ልጅ ነው» አሉኝ። ወደ እሷም ዞረው «እስቲ ንገሪን እቱ፣ ልጅሽ እንዴት ያለ ነው?» አሏት።

«ሲሥቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል፣ ጌታዬ።»

«አፉን ሸፍኖ የሚሥቀው ዛሬም ይሥቃል» ብዬ ጻፍሁ። ከባሏ መልስ እስኪመጣ ድረስ፣ የኬላው ዘበኛ ወደ ገበያ ብቅ ባለ ቁጥር ከአጎቴ ጀርባ እሸሸግ ነበር።

ጣልያን በወጣ ማግሥት አጎቴን ንዳድ ወሰዳቸው። አሁን ገበያው «ጸሐፊው» የሚለው እኔን ነው። ፍርሃቱ ግን አለቀቀኝም። አንድ ደብዳቤ በጨረስሁ ቁጥር «የማንም ልጅ ቢሆንስ?» እያልሁ ወደ በርጩማቸው እዞራለሁ። የሚቀድልኝ የለም።

ለተዝካራቸው ማስታወሻ እንድጽፍ ዘመዶቻችን ሲጠይቁኝ «ከእንግዲህ ማንን ትፈራለህ? ሙሉ ስማቸውን ከነማዕረጋቸው ጻፈው» አሉኝ። ጻፍሁት። አየሁትና ቀደድሁት። በሌላ ወረቀት እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦

«ብዕራቸውን በሽበታቸው እየጠረጉ ይጽፉ የነበሩት ሰውዬ፣ ግራሩ ሥር የሉም።»