የእረፍት ሰሞን ደውል

ከተከራየሁት ቤት ሥር ጎሚስታ አለ። ጠዋት ጠዋት ልጁ የመኪና ቸርኬ መሬት ላይ አስተኝቶ ጎማውን ለማላቀቅ በመዶሻ ሲመታው፣ ድምፁ ደረጃውን ወጥቶ በበሬ ሥር ይገባል። ይህን ሰሞን ለመንፈቅ ዓመት እረፍት ትምህርት ቤት ስለተዘጋ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ ነው የምሰማው። ደብረ ብርሃን በየካቲትም ብርዷ አይለቅም፤ ከብርድ ልብስ መውጣት አያምርም። ብረቱ ሲጮህ ግን እግሬ ከእኔ ቀድሞ መሬት ይረግጣል። ጫማዬን አድርጌ፣ ፀጉሬን በሻሽ ሸብ አድርጌ፣ በሩ ጋ ስደርስ የምሄድበት እንደሌለ ትዝ ይለኛል።

አስተማሪ ሲያርፍ እንዲህ ነው መሰለኝ። እጁ ጠመኔ ይፈልጋል። ከትናንት በስቲያ ታክሲ ውስጥ ሁለት ልጆች ሲጎነታተሉ አይቼ፣ አንዷን ወደ ፊት ወንበር ላዛውራት አስቤ ነበር። ዝም ያልኩት እናታቸው አጠገባቸው ስለነበረች ብቻ ነው። ሱቅ ገብቼ ባለሱቁ ሒሳብ ሲሳሳት «እስቲ እንደገና አስበው» የምለው ለገንዘቡ ብዬ አይደለም።

ከአልጋ የሚያስነሣኝ ግን የጎሚስታው ቸርኬ አይደለም። ሌላ ቸርኬ ነው።

የመጀመሪያ ሥራዬን ያገኘሁት መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ነበር። ትምህርት ቤቱ ነፋስ የማያርፍበት ጉብታ ላይ ተቀምጧል። ከሰንደቅ ዓላማው አለፍ ብሎ አንድ ያረጀ ጽድ ነበር፤ ከድሮ የጭነት መኪና የወረደ ቸርኬ በሽቦ ተንጠልጥሎበታል። ዘበኛው አባባ በፌሮ ብረት ሲመቱት ድምፁ ማዶ ካለው ገደል ደርሶ ይመለሳል። ደውላችን እሱ ነበር።

እኔ ባዮሎጂ አስተምር ነበር፤ ማስተማር ከተባለ። ድምፄ ከሦስተኛው ረድፍ አያልፍም። ከኋላ ያሉት «ቲቸር፣ አይሰማም» ሲሉ ከፊት ያሉት ዞር ብለው ይነግሯቸው ነበር። የኋለኞቹ ትምህርት የሚደርሳቸው በአስተርጓሚ ነበር ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት አልቆ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ መምህራኑ ሁሉ ሻንጣቸውን ይዘው አንድ አይሱዙ ላይ ተሳፈሩ። ከላይ ሆነው «አንቺስ መቼ ነሽ?» አሉኝ።

«ነገ» አልኩ።

የምሄድበት ቤት አልነበረኝም። እናቴ ክረምት ላይ ነበር ያረፈችው። የኖርነው በኪራይ ቤት ነበር፤ አርባዋ ካለፈ በኋላ ባለቤቱ መጥተው ቁልፉን ተቀበሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ከበሩ ላይ ቆመው እጃቸውን ዘረጉ፣ እኔም ሰጠኋቸው፣ በቃ። ለሥራ ባልደረቦቼ ይህን አልነገርኳቸውም። ማዘን ሰው የሚያስቸግር ነገር ይመስለኝ ነበር፤ አዲስ የመጣ ሰው ደግሞ ማስቸገር የለበትም።

ነገ መጣና አለፈ። ግቢው ውስጥ ካለችው የመምህራን ክፍል አልወጣሁም። በማግስቱ አባባ በበርኖሳቸው ተጠቅልለው ከክፍሌ በር ፊት ቆሙ።

«መምህርት፣ ያ ነገ ያልሽው ነገ እኮ ደርሶ ሄደ» አሉኝ።

ለምን እንደቀረሁ ግን አልጠየቁኝም። ጫማቸውን ሲያዩ ቆይተው የመጡበትን ተናገሩ። ልጃቸው ወደ መርሐቤቴ ወርዳ ነው ያገባችው፤ ወንድ ልጅ ወልዳለች። ጾሙ ሳይገባ ክርስትናው ይደረጋል። ካገባች ጀምሮ ቤቷን አይተውት አያውቁም፤ ደውሉን ትተው እንዴት ብለው ይሂዱ።

«አሁን እኮ ትምህርት የለም፣ አባባ» አልኳቸው።

«ተማሪ የለም እንጂ ሰው አለ» አሉኝ። «ጠዋት ስመታው ከብት ይወጣል። ቀትር ላይ ስመታው ለአራሽ ምሳ ይሄዳል። ማታ ስመታው በግ ይገባል፣ ወፍጮው ይዘጋል። ስልኩንማ ማን ያምነዋል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ይተኛል።» ከዚያ ፌሮውን በሁለት እጃቸው ይዘው አቀበሉኝ፤ ጎንበስ ብዬ ተቀበልኩ። ማልደው እንደሚወጡ ነግረውኝ ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት ሜዳው በአመዳይ ነጭ ሆኖ ነበር። ጽዱ ሥር ቆሜ ዙሪያዬን አየሁ። ሰው የለም። ቢሆንም አፈርኩ። መንደር ሙሉ ሰው በአንድ ጊዜ መጥራት ለእኔ የሚሆን ነገር አልነበረም። ፌሮውን አነሣሁና መታሁት። ድምፁ ብርጭቆ በማንኪያ እንደመምታት ያለ ነበር። ሁለት ጊዜ ጨመርኩና ወደ ክፍሌ ገባሁ።

ማታም እንዲሁ አደረግሁ። ሜዳው ላይ የሚግጡት የመንደሩ በጎች ሰንደቁ ሥር እንደተኙ ቀሩ።

ከአጥሩ ማዶ አንዲት እማማ ነበሩ። ባላቸው የሞተባቸው፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የምታሞቀው የድንጋይ አጥር ላይ ተደግፈው ሱፍ የሚፈትሉ፣ አላፊ አግዳሚውን ሳይነኩ የማያሳልፉ ሴት ናቸው። እንዝርታቸውን እንደያዙ ጠሩኝ።

«አንቺ አስተማሪ፣ ደውሉን እየመታሽው ነው እየዳበስሽው?»

«መታሁት እኮ፣ እማማ።»

«ድመት ብታስነጥስ ይሻላል። የሰው በግ ሜዳ ላይ መሸበት። ነይ፣ እኔ እያየሁ ምቺው።»

እያዩኝ መታሁት። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንዲህ አይሆንም። ያስቀየመሽን ሰው አስቢና ምቺ።»

«ያስቀየመኝ የለም።»

«ሳትቀየሚ ነው ይህን ያህል ያደግሽው? አስቢ እንጂ።»

ሳላስበው የተዘረጋው እጅና ቁልፉ መጡብኝ። እጁ ላይ ሳስቀምጠው የነበረው ቅዝቃዜ ጭምር። ፌሮውን ሳነሣው ክንዴ የእኔ አልመሰለኝም። ቸርኬው ጮኸ፤ ገደሉም መልሶ ጮኸ። በጎቹ በአንድ ጊዜ ተነሡ፣ ቁራዎች ከጽዱ ላይ በነኑ፣ ታች ያለው ወፍጮ ሞተሩን አጠፋ። ጥርሴ ሳይቀር ነዘረ።

እማማ እንዝርታቸውን አቁመው አዩኝ። «ማንን ነው ያሰብሽው?»

«ማንንም» አልኩ።

«ይኸ ማንም የሚባለው ሰውዬ ግን ምን አድርጎሽ ነው» አሉና፣ የራሳቸውን ጠቦት እየነዱ ገቡ።

ከዚያ ወዲያ ቀኖቹ መልክ ያዙ። ጠዋት እመታለሁ፤ ከየጣሪያው የኩበት ጭስ ይነሣል፣ በረት ይከፈታል። ቀትር ላይ እመታለሁ፤ ሴቶች አገልግል አንጠልጥለው ከታጨደው ገብስ በቀረው ቆረን መሐል ያልፋሉ። ማታ እመታለሁ፤ የማላያት ሴት የማላውቀውን ልጅ ስሙን ጠርታ ወደ ቤት ታስገባለች። ከዚያ የሁሉም በር ይዘጋል። እኔም የእኔን እዘጋለሁ። መንደሩ ሁሉ በእኔ እጅ ተነሥቶ በእኔ እጅ እየገባ፣ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር የምለዋወጠው ቃል ግን ለእማማ የምመልሰው «ደኅና» ብቻ ነበር። ባዶው ሰባተኛ ክፍል ገብቼ ሰሌዳውን የጠረግሁበት ቀን አለ፤ የጠመኔው ሽታ ደስ ብሎኝ። በጎቹ ተከትለውኝ ገቡ። ከተማሪዎቼ ይልቅ ዝም ብለው ያዳምጡ ነበር።

አንድ ማታ ስመታ የበልግ ደመና ወረደብኝ። መጀመሪያ በረዶ፣ ቀጥሎ ዝናብ ሆነ። እርጥብ ልብሴን ሳልቀይር ተኛሁ። ሲነጋ ሰውነቴ ይነዳል፣ ጥርሴ ይንቀጠቀጣል። በመስኮቱ ሽንቁር የገባው ብርሃን ግድግዳው ላይ ቦታ እየቀየረ ሲሄድ እያየሁ፣ የደውሉ ሰዓት እንዳለፈ አወቅሁ። መነሣት አቃተኝ። ያን ጊዜ ያሰብኩትን አስታውሳለሁ፤ ዛሬ ባልነሣ፣ ነገም ባልነሣ፣ ትምህርት እስኪከፈት የሚያውቅ የለም ብዬ ነበር። ያስፈራኝ ሐሳቡ አይደለም፤ አለመፍራቴ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ከውጭ የእግር ድምፅ ሰማሁ። በሩ ተገፋ። እማማ ነበሩ፤ ከኋላቸው የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ዱቄት በዱቄት እንደሆነ፣ ከእሱም ኋላ ሁለት ሴቶች አንገታቸውን አስግገው።

«ድምፅሽን አጣነው» አሉኝ እማማ። ግንባሬን ዳሰሱና ወደ ባለ ወፍጮው ዞሩ። «ውጣና ምታው አንተ፤ ሰው ሞተች ብሎ እንዳይሮጥ።»

ባለ ወፍጮው መታው። እኔ በሁለት ሳምንት ያልመታሁትን ያህል መታው።

«አንተ ደግሞ፣ ቤተ ክርስቲያን የተቃጠለ አስመሰልከው» አሉት ሴቶቹ።

ዳማ ከሴ አሽተው አሸተቱኝ፣ የአጃ ሾርባ አጠጡኝ። እማማ የራሳቸውን ባና አምጥተው ደረቡብኝ፤ ያልታጠበ ሱፍ፣ ጭስና ቅቤ ይሸታል። ሌሎቹ ሲሄዱ እሳቸው አልጋዬ አጠገብ ዝቅ ብለው ተቀምጠው መፍተል ጀመሩ። እንዝርቱ ወለሉ ላይ ሲሾር እንደ ንብ ያለ ድምፅ ነበረው።

«እናትሽ እንዲህ መታመምሽን ቢሰሙ ምን ይሉን» አሉ፣ ክሩን እያዩ።

«የለችም» አልኩ። «ክረምት ላይ አረፈች።»

እንዝርቱ ቆመ።

«እና ይህን ሁሉ ቀን ዝም ብለሽ ደውል ትመቺያለሽ?»

«ቆየ እኮ፣ እማማ። አለፈ።»

«ለቅሶ አይቆይም» አሉ። «ሰው ሳይደርሰው አያልፍም።» እንዝርቱን መልሰው አሾሩት።

ሲሻለኝ፣ ጠዋት ደውሉን መትቼ ስዞር ሴቶች በግቢው በር ሲገቡ አየሁ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። እማማ ከፊት ናቸው። መንደሩ ውስጥ የሞተ ሰው ያለ መስሎኝ ልጠይቅ ስል፣ የመጡት ወደ እኔ እንደሆነ ገባኝ። ስሟን ለማያውቁት፣ አይተዋት ለማያውቁት ለእናቴ ነበር የመጡት። አንድ በአንድ «እግዜር ያጥናሽ» አሉኝ። ክፍሌ አልበቃ ቢላቸው እማማ ሰባተኛ ክፍልን ከፈቱና ሁሉም ገብተው የተማሪ ዴስክ ላይ ተጣበው ተቀመጡ። አብዛኞቹ ዴስክ ላይ ሲቀመጡ የመጀመሪያቸው ነበር። ጉልበታቸው የሚገባበት አጥተው ተሳሳቁ። እኔ የምቆምበት ቦታ ሳጣ፣ ሁልጊዜ የምቆምበት ሰሌዳው ፊት ቆምኩ።

«እንግዲህ አስተማሪያችን ነሽ» አሉ እማማ ከፊት ዴስክ። «ምን ዓይነት ሰው ነበሩ? አስተምሪን።»

ጀመርኩ። ልብስ ሰፊ እንደነበረች፣ መርፌ በከንፈሯ ይዛ እንደምታወራ፣ ለበዓል የሰው ልብስ ስትጨርስ የእኔ ሳይሰፋ እንደሚቀር ተናገርኩ።

«አይሰማም» አለች ከኋላ ያለችው ሴት።

ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ያልተሰፋልኝን ቀሚስ ሌሊቱን ሰፍታ ጠዋት ከራስጌዬ እንደማገኘው እየነገርኳቸው፣ ድምፄ የኋላውን ግድግዳ ነክቶ ሲመለስ ሰማሁት። ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የቻልኩት። እነሱም አብረውኝ አለቀሱ። ከዚያ ያመጡትን ቆሎና ዳቦ ቆርሰን በላን፤ በቀትር እኔ መርሳቴን አይታ አንዷ ወጥታ ደውሉን መታችው።

አባባ ጾሙ ሊገባ ሲል ከመርሐቤቴ ተመለሱ። ፌሮውን መለስኩላቸው። ሲመቱት ሰፈሩ ምንም አላለም፤ እማማ ብቻ ከአጥሩ ላይ ሆነው «የአስተማሪዋ ይሻል ነበር» አሉ።

ተዛውሬ ወደ ከተማ ከመጣሁ ቆየሁ። አሁን የማስተምርበት ትምህርት ቤት ደውሉ በኤሌክትሪክ ነው፤ በእረፍት ሰሞን አይጮኽም። ድምፄ ደህና ይሰማል ይሉኛል።

ትናንት ረፋዱ ላይ አባባ ደወሉልኝ። ጡረታ ወጥተዋል፣ ጆሯቸው ደክሟል። ስለ ገብሱ፣ ስለ ልጅ ልጃቸው አወሩልኝና፣ እግረ መንገዳቸውን እማማ መስከረም ላይ ማረፋቸውን ነገሩኝ። የሰማሁ መስሏቸው ነበር። ከታች ልጁ ቸርኬውን ይመታ ነበር።

ነጠላዬን ከሣጥን አውጥቼ አልጋው ላይ ዘረጋሁ። አምስት ወር አለፈ፤ አሁን ሄጄ ማን ቤት እቀመጣለሁ፣ ለማን እግዜር ያጥናህ እላለሁ ብዬ አንድ ቀን ሙሉ ስወላውል ዋልኩ። ዛሬ ጠዋት ብረቱ ሲጮህ ተነሣሁ። ጫማዬን አደረግሁና ለአባባ መልሼ ደወልኩ።

«አባባ፣ ነገ እመጣለሁ።»

«አቤት?»

«ለቅሶ ልደርስ። ነገ።»

«አይሰማም፣ ልጄ።»

ጮክ ብዬ ደገምኩላቸው። የጎሚስታው መዶሻ እንኳ ለአፍታ ዝም አለ።

«ሰማሁ» አሉ አባባ፣ በሳቅ። «የትኛው ነገ ነው፤ ያኔ ያልሽው ነው?»

«አይደለም» አልኳቸው። «የእውነቱ።»