የስቶር ቁልፎቼና የአማቴ ዓይን

ቁጡ ሰው ነኝ። እኔ ራሴ ቀድሜ ልናገረው፤ አሶሳ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። ሥራዬ የአንድ ትምህርት ቤት ስቶር ኪፐር ነው። የመጻሕፍቱ ክፍል፣ የኳሱ ሳጥን፣ የቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን፣ የጠመኔው መሳቢያ፣ የሁሉም ቁልፍ በእኔ እጅ ነው። እነዚያን ሁሉ ከቤቴና ከአጥር በሬ ቁልፍ ጋር አንድ ትልቅ ቀለበት ላይ ሰክቼ እይዛቸው ነበር፤ የአሮጌዋ ፒክአፔም ቁልፍ እዚያው ላይ ነበር። ስራመድ ሲንሿሿ ደስ ይለኛል፤ ምን ያዋሸኛል? ዳይሬክተሩ እንኳ ያለ እኔ አንዲት ጠመኔ አያገኝም።

መኪናዋ ማስቸገር የጀመረችው ባለፈው ዓመት ነው። ቁልፉን ሳዞረው አንዳንዴ እሺ ትላለች፣ አንዳንዴ ጭጭ። ባትሪ ቀየርኩ። ሞተሩን የምታስነሳውን ሞተሪኖዋን አስፈትቼ አስጠገንኩ። ለውጥ የለም። ቁልቁለት ካላገኘሁ አላቆማትም፤ ሜዳ ላይ ወደተደገሰ ሠርግ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። በመጨረሻ አንድ የጋራዥ ኤሌክትሪሺያን ቀለበቴን በመዳፉ መዘን መዘን አደረገና፣ «ጋሼ፣ ኳድሮውን የበላው ይሄ ነው» አለኝ። «ቁልፉ የሚገባበት ቤት ውስጡ ላልቷል። ይሄ ሁሉ ብረት ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ ኮንታክቱን ይለቃል። አዲስ እስኪገኝለት የመኪናዋን ቁልፍ ለብቻው ያድርጉት።»

ቱግ አልኩ። «ቁልፍ አያያዝ ልታስተምረኝ ነው? እኔን?» ብዬው ወጣሁ።

በዚያው ሳምንት የዓይን ሞራ የሚያነሱ ሐኪሞች ከሌላ አገር መጥተው ሆስፒታላችን ገቡ። አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከአሶሳ ወጣ ብሎ መንጌ ነው የሚኖሩት። ሁለቱም ዓይናቸው ተጋርዶ፣ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር ምንም አይታያቸውም። ባለቤቴ ያኔ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች፤ ለእናቷ አንድ ናት፣ የሚወለደውም የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ነው። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነውና «እኔ»ንም «አንተ»ንም «እሱ» እያደረጉ ይናገራሉ፤ በስልክ፣ «ሌላ አልፈለገም» አሉኝ፤ «የልጅ ልጅ ፊት ብቻ ልይ። ከዚያ በኋላ አላህ ያውቃል።» ባለቤቴ ከጎረቤት ጋር በሚኒባስ ይምጡ ብትል፣ «እኔ እያለሁ አማቴ በሚኒባስ!» ብዬ ፎከርኩ። ከሥራ ፈቃድ ያገኘሁት ግን ለመጨረሻዋ የምዝገባ ቀን ብቻ ነበር። ምዝገባው ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል።

ከዋዜማው ሄጄ አማቴ ቤት አደርኩ። ግቢያቸው ሜዳ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቁልፉን ባዞረው፣ ጭጭ። መንጌ ውስጥ የቆመች መኪና አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው የለም፤ ሳልጠራቸው መጡ፣ ገፉ፣ በሦስተኛው ተነሳች። መንገድ ላይ የኤሌክትሪሺያኑን ድፍረት ለአማቴ አንድ በአንድ ተረኩላቸው። «እንዴት ያለ ባለጌ መሰለዎት!» እላለሁ፤ እሳቸው «ሱብሃነላህ» እያሉ ያዳምጣሉ።

የተቦረቦረው መንገድ ላይ ስንደርስ መኪናዋ ነጠር፣ ቀለበቱ ወዝወዝ ሲል ሞተሩ ጠፋ። ወረድኩ። የባትሪውን ጫፎች ፈትቼ ፋቅሁ። ሞተሪኖዋን በድንጋይ ቀጠቀጥኳት። ፊውዞቹን እየነቀልኩ አየኋቸው። መንገደኞች ገፉልን፤ አልተነሳችም። ሁለት ሚኒባሶች ሞልተው አለፉን። መኪናዋን ሰደብኩ፣ መንገዱን ሰደብኩ፣ የሸጠልኝን ሰውዬ ሰደብኩ። አማቴ በመስኮቱ «ማሌሽ፣ ልጄ፣ ማሌሽ» እያሉ ያጽናኑኛል። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ወጥታለች።

በመጨረሻ ቀስ ብለው፣ «ያ ሰውዬ ያለው ነገር... እሱን ሞከረ?» አሉኝ።

ለመቆጣት አፌን ከፈትኩ። ግን ማንን ልቆጣ? የመኪናዋን ቁልፍ በጥፍሬ ታግዬ ከቀለበቱ አወጣሁትና ብቻውን ሰካሁት። የዳሽቦርዱ መብራት ቦግ አለ። ሞተሩ በአንድ ዙር ተነሳ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላሉ፤ መከራው የራሴ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት!

ሆስፒታል ስንደርስ ሰባት ሰዓት አልፏል። ሰልፍ የለም። አንዲት ነርስ ካርቶን እያሸገች፣ «ሞልቷል፣ እማማ» አለቻቸው። «ሐኪሞቹም ነገ ማታ ይሄዳሉ። ስልክ ተዉልን፤ ሲመለሱ እንደውላለን።» ለመንኳት። እኔ ለመንኩ! ያ ሁሉ ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ። እሷ ምን ታድርግ፤ ስልካቸውን መዘገበች።

ቤት ስንደርስ ባለቤቴ በር ላይ ቆማለች። ትንፋሽ ሳልወስድ አማቴ ቀደሙኝ፦ «እኔ ነው። ምላጭ ፈራ። እንመለስ አለ።»

«ውሸታቸውን ነው» አልኩ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። መፍትሔውን እያወቅሁ በእልኬ መንገድ ላይ አስቀረኋቸው።» ባለቤቴ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። የእናቷን እጅ ይዛ ወደ ውስጥ ገባች።

አማቴ ሐኪሞቹ እስኪመለሱ ብለው እኛው ዘንድ ሰነበቱ። ባለቤቴ ሴት ልጅ ወለደች፤ ከሆስፒታሉ ግን እስካሁን ማንም አልደወለም። ሕፃኗን እቅፋቸው ውስጥ ያስቀመጥኩላቸው እኔ ነኝ። በጣታቸው ግንባሯን፣ አፍንጫዋን፣ ጆሮዋን ዳሰሱ፤ ደጋግመው ዳሰሱ።

«ልጄ፣ ማንን መሰለ?» አሉኝ።

«እርስዎን» አልኳቸው። እውነቴን ነው።

ሳቁ። «እኔስ ምን ይመስላል? ረሳ እኮ! ንገረኝ።»

አማት ናቸውና እስከዚያች ቀን ፊታቸውን ትኩር ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ ከግንባራቸው ጀምሬም ነገርኳቸው።