የበረንዳው በርና ቀኝ እጅ

ሾፌሩ ዕድሜውን ሙሉ በር ሲከፍትና ሲዘጋ የኖረ ሰው ነው። የከተማ አውቶቡስ ይነዳ ነበር። ቁልፏን በአውራ ጣቱ ነካ ሲያደርጋት የፊቱም የኋላውም በር እፍፍ ብሎ ይከፈትለታል። ዘግይቶ የመጣ ተሳፋሪ ሮጦ ደርሶ መስታወቱን ሲደበድብ ደግሞ በጣቱ ወደ ኋላ እያመለከተ «ሞልቷል! ባዶ ከኋላ እየመጣ ነው!» ይላል። ያን ባዶ አውቶቡስ በዓይኑ ያየ ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ይህን ሁሉ በር ያዘዘ ሰው ጡረታ ወጥቶ ቤቱ ሲገባ አንድ በር እምቢ አለው። ከሳሎን ወደ በረንዳ የሚያወጣው ተንሸራታች የመስታወት በር ነው። መጀመሪያ ተንቀረፈፈ፣ ቀጥሎ ጮኸ፣ በመጨረሻ ተገተረ። ሾፌሩ የሰውም የመኪናም መድኃኒት ዘይት ነው ብሎ ስለሚያምን ዘይት አፈሰሰበት፤ ዘይቱም ከአቧራው ጋር ተለውሶ በሩ የሚንሸራተትበትን ሐዲድ ጭቃ አደረገው። ከዚያ ወዲህ በሁለት እጁ ይዞ፣ አንድ እግሩን ግድግዳው ላይ ተክሎ ይጎትተዋል። ከመልመዱ የተነሣ መክበዱንም ረስቶታል።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። አምና ስትሮክ መትቷት ቀኝ እጇ ሰነፈባት። ሐኪሙ «ይመለሳል፣ ብቻ አሠሪው» ብሏታል። አበቦቿ በረንዳ ላይ ናቸውና እጇን በየጠዋቱ የምትፈትነው በዚያ በር ነው። እጀታውን ትይዛለች፣ ትስባለች፣ በሩ ንቅንቅ አይልም። «አየህ፣ ይሄ እጅ አልቆለታል» ትላለች። እሱም «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያለ ሮጦ ይከፍትላታል። በቀደም ግን እንቁላሉ ሰለቻትና «የስፌት መኪናዬን ሽጥልኝ» አለችው። ሾፌሩ ያን ቀን ምሳ አልወረደለትም። መኪናዋ ከተሸጠች እጇን ዳግመኛ እንደማትሞክረው ያውቃል።

መኪናዋን ሊያይ የመጣው ታች ፎቅ የሚኖረው ሥጋ ሻጭ ነው፤ ለልጁ ሊገዛላት ፈልጎ። ግማሽ በሬ በትከሻው ይዞ ደረጃ የሚወጣ ሰው ነው። ሚስትየው የመኪናዋን ክዳን እስክታነሣ ድረስ «እስቲ ትንሽ አየር ልውሰድ» ብሎ የበረንዳውን በር በአንድ እጁ ሳበው። በሩ ዝም። ደግሞ ሳበው። አንገቱ ድረስ ቀላ።

«ጋሼ፣ ይሄ በር ነው ወይስ ግንብ?»

ሾፌሩ የሥጋ ሻጩን ክንድ አየ። ከዚያ የሚስቱን እጅ አየ።

«ወይ እኔ ጅሉ!» አለ ጭንቅላቱን ይዞ። «መኪናዋ አትሸጥም! ይልቅ ና በሩን አንሣልኝ።»

«ምን ገዶኝ» አለ ሥጋ ሻጩ እጅጌውን እየሰበሰበ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።»

«እናንተ ሁለት ናችሁ፤ አትመጻደቁ» አለች ሚስትየው።

በሩን ወደ ላይ ገፍተው፣ ግርጌውን ከሐዲዱ አስለቅቀው፣ እያቃሰቱ ብርድ ልብስ ላይ አጋደሙት። ከሥሩ ያሉት ሁለቱ ትንንሽ ጎማዎች ጉድ ሆነዋል። አንዱ ለሁለት ተሰንጥቋል፤ ሌላው የስፌት ክር ተጠምጥሞበት መዞር ካቆመ ሰንብቷል። ሾፌሩ የተሰነጠቀውን ኪሱ ከትቶ እየሮጠ ሱቅ ሄደና መሳዮቹን ገዝቶ መጣ። ሐዲዱን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተገው። ጎማዎቹን በካቻቢቴ አሰረ፣ በሩን መልሰው ሰቀሉት፣ ከጎን ያለችውን ብሎን ጥቂት ሲያዞራት በሩ ከፍ ብሎ ተስተካከለ።

እንግዲህ «ሞክሪው» ማለት ነበረበት። እስከ አሁን ጥፋቱ የበሩ ሊሆን ይችል ነበር፤ አሁን ሰበብ የለም። ፈራ። በሩን ክፍት ትቶት፣ ውጭውን የሚፈትሽ መስሎ በረንዳው ላይ ወጣና ምንም ያልሆነውን መስታወት በእጅጌው ይወለውል ጀመር።

ሚስቱ መጣች። እጀታውን በቀኝ እጇ ያዘች። ጣቶቿ አንድ በአንድ ሲታጠፉ አየ።

በሩ ድምፅ ሳያሰማ ሄደ፤ እስከ ጥግ ደርሶ ተዘጋ። መቀርቀሪያው ጠቅ አለ፣ ሾፌሩም ውጭ ቀረ።

«ክፈቺልኝ እንጂ!» እያለ መስታወቱን ደበደበ።

ሚስቱ ቀኝ እጇን ቀስ ብላ አነሣች። እየተንቀጠቀጠ ትከሻዋ ድረስ ወጣ። ጣቷንም ወደ ኋላው፣ ወደ ባዶው ሰማይ ቀሰረችና «ሞልቷል! ባዶ ከኋላ እየመጣ ነው!» ብላ ጮኸች።

ሥጋ ሻጩ ሶፋው ላይ ወድቆ ሳቀ። ሾፌሩ ግን እንባና ሳቅ ተቀላቅሎበት ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደገፈ።

«በትርፍም ቢሆን ጫኚኝ፣ እመቤቴ!»

መቀርቀሪያውን አነሣች። በዚያው እጅ በሩን ከዳር እስከ ዳር ከፈተችለት። እሱ ግን አልገባም።

«ዝጊውና» አላት ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ፣ «እንደገና ክፈቺልኝ።»