ያልሳብሁት ዕጣን

ዛሬ ደባርቅ መናኸሪያ አንድ ቄስ ወደ ዛሪማ የሚወርደው ሚኒባሳችን ውስጥ ገቡ። እኔ ረዳት ነኝ፤ የናፍጣውንም የብብቱንም ሽታ ለምጃለሁ። የሳቸው ጋቢ ዕጣን ዕጣን ሲለኝ ግን መስኮቱን በሙሉ ከፈትሁት።

«ልጄ፣ ዝጋው እንጂ፤ ብርዱ ገደለኝ» አሉ።

«ትንሽ ይታገሱኝ አባ።»

የአስራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ እህቴ ከአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ጋር በዚሁ በሊማሊሞ ቁልቁለት ወርዳ ጠፋች። ለማንም እንዳልናገር አስምላኝ ነበር። እናቴ እያለቀሰች ስትጠይቀኝ «እኔ ምን አውቄ» አልኋት። በማግስቱ እሁድ፣ ቅዳሴ ላይ፣ ቄሱ በሰዉ መሀል እያጠኑ መጡ። አያቴ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው፣ «ዕጣኑ ሲደርስህ ያለብህን በሆድህ ንገረው። ጭሱ ይዞት ያርጋል» አሉኝ።

እኔ ደደቡ፣ ጭሱን ከሳብሁት ምስጢሩን ጎትቶ የሚያወጣብኝ መሰለኝ። ትንፋሼን ያዝሁ። ፊቴ ደም ሲመስል አያቴ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

«ተንፍስ አንተ፤ ዕጣን ነው እንጂ መርዝ አይደለም።»

ጭሱ እስኪያልፍ አልተነፈስሁም።

የጭነት መኪናው ሾፌር ያን እሁድ ዛሪማ እንደሚውል እህቴ ነግራኝ ነበር። ብናገር ይደርሱባት ነበር። እናቴ እስከ ዛሬ መኪና በቆመ ቁጥር ደጅ ትወጣለች።

የዛሬው ቄስ በብርዱ ሲንቀጠቀጡ ተሳፋሪው ይሰድበኝ ጀመር። መስኮቱን ዘጋሁት። ቁልቁለቱን ሳንጨርስ ሾፌሬ በመስታወቱ አየኝና፣ «ምን ሆነሃል አንተ? ፊትህ ደም መሰለ» አለኝ።

ልመልስለት ብል መተንፈሴ ነው።