«በቃ» ሲል ካሜራው ክፍት ነበር

ሱሉልታ ነው፤ ኦቦ ገመቹ ለቀረጻ በሚያከራዩት የሣር ሜዳ ላይ። ሰው ሁሉ ምሳ ሊበላ ወደ ግቢው ገብቷል። ደመናው ከበድ ሲልብኝ የካሜራውን ስክሪን ዝናብ እንዳይመታው ብዬ ላስቲክ ይዤ ሄድኩ። ፎቶ አንሺው ሳሚ ሳያጠፋው ነበር የሄደው። ላስቲኩን ላለብሰው ስል ስክሪኑ ውስጥ የልብስ መቆንጠጫ የያዘ እጅ አየሁ። የኔ እጅ ነው። አውራ ጣቴ ላይ ያለውን የካውያ ጠባሳ አውቀዋለሁ። እጁ ይንቀሳቀሳል።

ፎቶ ውስጥ ያለ እጅ አይንቀሳቀስም።

እጄ መቆንጠጫዎቹን አንድ በአንድ ነቀለ። ቀሚሱ ከትከሻ እስከ ወገብ ተከፈተ። ቀሚሱን የለበሰችው የሃያ ሁለት ዓመት ልጄ ሲፈን ናት። አወለቀችው። በውስጥ ልብስ ቆማ የውስጥ ጉርዷን ስትቀይር ከላይ እስከ ታች ትታያለች። ከዚያ አለቀና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ላስቲኩ ከእጄ ወደቀ።

ይህን የምጽፈው ልብስ ለማልበስ ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ ሴቶች ነው። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የጎረበጠውን እያለፋችሁ አንብቡት።

ሥራውን የጀመርኩት ሰበታ ነው። አንድ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ በካውያ ልብስ ተኳሽ ነበርኩ። አንድ ቀን ጠዋት ሳሚ የሚባል ልጅ ካሜራ አንግቶ መጣና ቀሚሶቹን እዚያው መጋዘን ውስጥ ማንሳት ጀመረ። ቀሚሱ ለሞዴሏ ሰፋባት። ልብስ ሰፊው ደነገጠ፤ ተርትሮ ሊያጠብ መቀስ ፈለገ። እኔ ውጭ ከተሰጣው ልብስ ላይ አራት መቆንጠጫ ነቅዬ መጣሁና ከጀርባዋ ያዝ ያዝ አደረግኩት። ከፊት ሲያዩት ልክ በሷ ልክ የተሰፋ መሰለ። ሳሚ ከጀርባዋ ዞሮ አይቶ ሳቀ። «ማዘር፣ ከዛሬ ጀምሮ ከኔ ጋር ነሽ» አለኝ።

የዚያን ዕለት ሕጉን አስተማረኝ። ካሜራው ቀጭ ሲል አትግቢ፤ በቃ ስል ግቢ። ሕጉ ይኸው ነበር። ዓመታት የሠራሁት በጆሮዬ ነው። ዓይኔ ካውያው ላይ፣ ጆሮዬ ካሜራው ላይ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይልና ዝም ይላል፣ ሳሚ «በቃ» ይላል፣ እኔ ጣሳዬን ይዤ እገባለሁ።

ጣሳዬ የወተት ዱቄት ጣሳ ነው። ከታች መርፌ ቁልፍ፣ ከላይ መቆንጠጫ፣ ከጎን ነጭና ጥቁር ክር። ጫማው ለሱቅ ስለሚመለስ ሶሉ ላይ የምለጥፈው ፕላስተርም አለ። በማዕረግ ከሄድን መጀመሪያ የልብሱ ባለቤት ነው፣ ቀጥሎ ፎቶ አንሺው፣ ከዚያ መብራት የሚይዘው፣ ሜካፕ የምትሠራዋ፣ ሞዴሎቹ፣ መጨረሻ እኔ። ምሳም የሚነሳው በዚሁ ተራ ነው።

አንድ ሥራ ግን የኔ ብቻ ነው። ሜዳ ላይ ልብስ መቀየሪያ ክፍል የለም። ነጠላ በሁለት እጄ ወጥሬ እቆማለሁ፣ ልጆቹ ከኋላዬ ይቀይራሉ። «ማዘር፣ ዘርጊ» ይሉኛል። መጋረጃዋ እኔ ነኝ።

ካቻምና ሳሚ ካሜራ ቀየረ። አዲሱን መጀመሪያ ያየሁት መናገሻ ጫካ ውስጥ ነው። ሳጥን የመሰለ፣ ከባድ፣ እግር ላይ የሚቆም ነው። «ይሄ የፊልም ካሜራ ነው ማዘር» አለኝ። ከአሁን በኋላ መጀመሪያ ፎቶ ቀጥሎ ቪዲዮ እያለ ሁለቴ እንደማያለፋን፣ አንዴ ቀርጾ ፎቶውን ከውስጡ እንደሚመርጥ ነገረኝ። በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሃያ አራት ፎቶ አለ አለ።

«ታዲያ ፎቶ ነው ቪዲዮ ነው?» አልኩት።

«ሁለቱም።»

ሁለቱም የሚለው ነገር አልተዋጠልኝም። ሞዴሎቹ ግን ወደዱት፤ እንደ ድሮው ደርቀው መቆም ቀረላቸው፣ ዝም ብለው ይራመዳሉ። እኔ ጆሮዬን ተቀማሁ። ቀጭ የሚል ነገር የለም። የቀረኝ «በቃ» ብቻ ነው።

እሱም «በቃ» ተቀየረ፤ ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። ድሮ ሲጨርስ አንዴ ነበር የሚላት። አሁን ልጅቷ እየሄደች «በቃ እንደሱ፣ አሪፍ፣ በቃ በቃ» ይላል። የሚፈልገውን አገኘሁ ማለቱ ነው። እኔ አቆምኩ ያለ ይመስለኛል። ሁለታችንም አንድ ቃል ይዘን ለየብቻ ነበር የምንሠራው።

መጠርጠሩን ጠርጥሬያለሁ። ከጎኑ ቀይ መብራት አለው። አንድ ቀን ምንድነው ብዬ ብጠይቀው በሥራ ተወጥሮ ስለነበር «የባትሪ ነው ማዘር» ብሎኝ አለፈ። ሌላ ቀን ከስክሪኑ ፊት ተቀምጦ ሲመርጥ አየሁት፤ እኔ ስደርስ በጣቱ ገፋ ገፋ አድርጎ አሳለፈ። ምን አሳለፈ? ካሜራውን የሚይዝበትን ሻንጣ በቁልፍ ይቆልፋል። ለምን ይቆልፋል? ለሲፈን ያ ካሜራ ዓይኑ አይከደንም አልኳት። «እማዬ፣ አንቺ ደግሞ ታካብጃለሽ» አለችኝ።

ሲፈን ወደ ሥራው የገባችው በኔ ነው። ቡራዩ ላይ አንዲት ሞዴል ቀርታ ሳሚ «ያቺ ልጅሽስ?» አለኝ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያናችን ኳየር ውስጥ ትዘምራለች፤ የሚያውቃት ሰው ብዙ ነው። እሺ ያልኩት ፎቶ ብቻ ከሆነ ብዬ ነው። ሳሚ ፎቶ ነው አለ። አልዋሸም፤ ግን ሁለቱም ነው።

ወደዚያ ቀን ልመለስ። ጠዋት ነፋስ ነበር። ሳሚ «በቃ» አለና ስልኩ ሲጮህ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ አጥሩ እያወራ ሄደ። ሲፈን የውስጥ ጉርዱ ከቀሚሱ ሥር እየታየ ነው፣ ልቀይር አለችኝ። መቆንጠጫዎቹን ነቀልኩ። ከዚያ ነጠላውን ወጥሬ ወደ አስፋልቱ ዞርኩ፤ በዚያ በኩል አይሱዙ ያልፋል፣ ሾፌሮቹ አንገታቸውን ያወጣሉ። በካሜራው በኩል ክፍት ተውኩት። ካሜራው በቃ ተብሏላ።

አሁን ስክሪኑ ፊት ቆሜ ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። የልብሱ ባለቤት ወይዘሮ ሮማን ቡራዩ ሱቅ አላት። ከሰዓት መጥታ ቀረጻው ያለበትን ዲስክ ራሷ ትወስዳለች ተብሏል። ፎቶውን ብቻ አይደለም የምትፈልገው። ከመጋረጃ ጀርባ ያለውንም በየስልኩ ልትለቀው ትፈልጋለች፤ ሰው እሱን ነው የሚወደው ብላለች። ሳሚ ጠዋት ይህን ሲነግረን ማንም ልብ አላለውም። እኔም አላልኩትም።

ሳሚ ሲጨርስ ከካሜራው ኋላ ጥቁር ነገር እየነቀለ ኪሱ ሲከት አይቼዋለሁ። ዲስኩ እሱ ነው አልኩ። ዙሪያዬን አይቼ ተጫንኩት፣ ወጣልኝ። ስክሪኑ ጠፋ። ጣሳዬ ውስጥ ከተትኩት፣ መቆንጠጫ አለበስኩት፣ ሄጄ የድርቆሹ ክምር ሥር ተቀመጥኩ። ኦቦ ገመቹ በበረቱ በር ላይ ቆመው ነበር። ቀስ ብለው መጡ።

«አዴ ብርቄ፣ ማል ታቴ? ምን ሆነሻል?»

«ምንም አልሆንኩ ኦቦ።»

«ጣሳሽ ዛሬ ከብዷል» አሉኝና ወደ ላሞቻቸው ተመለሱ።

ሳሚ ከምሳ መጣ። ካሜራውን ዞረው፣ ሻንጣውን ገለበጠ፣ ሣሩን በእግሩ አሰሰ። «ማዘር፣ ባትሪዬን ያነሳ ሰው አየሽ?»

ባትሪ። የያዝኩት ባትሪ ነው። ዲስኩ አሁንም ካሜራው ውስጥ ነው።

ከዚያ በኋላ መደበቁ ምን ይሠራልኛል። ከጣሳው አውጥቼ ሰጠሁት። ዲስኩ መስሎኝ ነው የወሰድኩት አልኩት። አፉን ከፍቶ አየኝ፤ የሳቀ መሰለኝና ደሜ ፈላ።

«ልጄ ልብሷን አውልቃ የቆመችበት ውስጡ አለ» አልኩት። «በቃ ብለህ ነበር።»

ፊቱ ተለወጠ። ባትሪውን መልሶ አስገባና አየው። እስከ መጨረሻው አላየውም፤ እጁን ስክሪኑ ላይ አደረገበት። ስልክ ሲጠራው ሳያቆመው እንደሄደ፣ ምሳ ሲጠራ ቀረጻውን ከፍቶ እንደተወው፣ እኔ ያየሁትንም እሱ እንዳላየ ነገረኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥመኝ ዘልዬ ነው የማልፈው አለኝ።

«ያጋጥምሃል ማለት ነው?»

ስክሪኑን በእጅጌው ጠረገ።

«አንተ ትዘለዋለህ። የሮማን ሰው ይዘለዋል?»

ቆርጬ አወጣዋለሁ አለ። መቼ አልኩት። ቤት ስገባ ኮምፒውተር ላይ አለኝ። እሷ ግን ዲስኩን የምትወስደው አሁን ነው። እዚሁ አጥፋው አልኩት። እዚህ ካሜራው ላይ ከመሃል ቆርጦ ማጥፋት አይቻልም፣ ከጠፋ ያ ቀረጻ እንዳለ ነው የሚጠፋው፣ የጠዋቱ ሥራ በሙሉ ደግሞ ያለው እዚያ ውስጥ ነው አለ። እንደዚያ ያለ ብርሃን ዓመት ቢለምን እንደማያገኝ ነገረኝ። ልመናው ውስጥ እውነት ነበር። ያን ጊዜ ግን አላመንኩትም።

በዚህ መሃል ሲፈን ከኋላችን መጥታ ቆማለች። እኔ አልጠራኋትም። ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየች፣ ሳሚን አየች።

«ያለሁበት እኔ ነኝ» አለች። «ይጥፋ። ከሰዓት ደግሜ እቆምልሃለሁ።»

ሳሚ ስክሪኑን ነካ ነካ አደረገ። በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀው። ምን ይላል አልኳት፤ ሲፈን ላጥፋው ወይ ነው የሚለው አለችኝ። ቁልፉን እኔ ልጫን አልኩ። ሳሚ ወደ ጎን ተነሳልኝ። ጠባሳ ባለው ጣቴ ተጫንኩት።

ጠፋ አሉኝ። ክፈቱና አሳዩኝ አልኩ። ከፈተ፤ ባዶ ነው። ሌላ ቦታስ የለም? አልኩት። ገና ወደ የትም አልገለበጥኩትም አለ። ማለልኝ፤ የሻንጣውን ቁልፍ አውጥቶም ሰጠኝ። ሻንጣውን ፈትሼዋለሁ፤ አላፍርበትም። ሌንስ፣ ገመድና የሌንሱ ጥቁር ክዳን ብቻ ነው የነበረው። ክዳኑን ያዝኩት።

«ይሄ እኔ ዘንድ ይሆናል» አልኩ።

ከሰዓት የሠራነው እንዲህ ነው። ሳሚ «በቃ» ቢልም ማንም አይነካካም። እኔ «ክደን» እላለሁ። እሱ ከካሜራው ይርቃል፣ እኔ ክዳኑን በእጄ እገጥማለሁ፣ ከዚያ ነጠላዬን እዘረጋለሁ። ክደን የድስት ቃል ነው፤ ድሮም ስለው የኖርኩት ነው፤ ደግሞ አሻሚ ትርጉም የለውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለው ሜካፕ የምትሠራዋ «ወጡ እንዳይቀዘቅዝ ነው ማዘር?» ብላ ሳቀች። እንድትስቅ ተውኳት።

ወይዘሮ ሮማን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰች። የጠዋቱ እንደሌለ ሲነግራት ጮኸች። ከመጋረጃ ጀርባ ያለውስ? አለችው። ሳሚ «መጋረጃው ተዘግቷል» ብሎ መለሰላት። ወደኔ ዞራ አየችኝ፤ ማን ነገራት እንጃ። ይቺን ሴትዮ ሁለተኛ እንዳታመጣብኝ አለችው። እሱ ለሷ ሲሠራ አይጠራኝም፤ ለሌላው ሲሠራ ይጠራኛል። በዚህ ተስማምተን እየሠራን ነው።

ቁርጡን ያላወቅኩት አንድ ነገር አለ። ከካቻምና ጀምሮ በዚያ ካሜራ ፊት ሌሎች ልጆች ቀይረዋል፤ ነጠላውን ወደ መንገድ ዘርግቼ ካሜራውን ከጀርባዬ የተውኩት እኔ ነኝ። ሳሚ የድሮውን ሁሉ አገላብጬ አየሁ፣ ያገኘሁትን አጠፋሁ ብሎኛል። ያንን ግን በዓይኔ አላየሁም። ስልካቸው ላለኝ ልጆች እየደወልኩ ራሳቸው እንዲጠይቁት ነግሬያቸዋለሁ። ሁለቱ ሄደው አይተዋል።

የዚያን ቀን ከሱሉልታ ታክሲ ይዘን አዲሱ ገበያ ወረድን፣ ከዚያ ወደ ቡራዩ። ሲፈን መስኮቱን ተደግፋ ተኛች። እኔ ጣሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ በየመሃሉ ከፍቼ አየዋለሁ። የሌንሱ ክዳን ውስጡ አለ፤ ሳልመልስ ይዤው መጥቻለሁ። ሳሚ አልጠየቀኝም። ዛሬም ያለው እኔ ዘንድ ነው።

ለምትጀምሩ ሴቶች የምለው ይህን ነው። ካሜራው ድምፅ የለውም፤ በጆሮ አትሥሩ። «በቃ» ማለት ተዘጋ ማለት አይደለም። ክዳኑን ራሳችሁ ያዙ፤ እስክትገጥሙት ድረስ ቁልፍ አትፍቱ።

ቡራዩ ስንደርስ ገና አልመሸም ነበር። ቤት ገባን፣ በሩን ዘጋሁ። ሲፈን ፊቷን ታጠበችና የኳየር ልምምድ አለብኝ ብላ ወጣች። አላስቀረኋትም። ልጄ ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ።