ጮኻ የማታውቅ በቅሎ

አስማማው የጉናን ገብስ በበቅሎ እየጫነ ደብረ ታቦር ገበያ ያወርዳል። መንገድ ላይ ዓይኑ ከጫማው አይነሣም፤ ጆሮው ግን ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ዶሮ እንቁላል ጥላ ስታስካካና ጭልፊት አይታ ስታስካካ አንድ እንዳልሆነ ለሰው ሁሉ ያስረዳል፤ የጠየቀው ባይኖርም። ጭላዳዎች ገደል አፋፍ ላይ ሲነታረኩ ቆሞ ይሰማል፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነም ይፈርዳል። ቁራን አይወድም፤ ነገር ያበዛል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የበቅሎ ድምፅ ነው። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል። አስማማው እንደሚለው ግን ነገሩ ተደብቆ አይቀርም፤ እንደ እናቷ ማሽካካት ትጀምርና እንደ አባቷ አናፍታ ትጨርሳለች። የገበያውን በቅሎ ሁሉ በድምፁ ይለያል። ለባለቤቶቹ ሰላምታ የሚሰጠው ከበቅሎዎቻቸው ቀጥሎ ነው።

አንድ የገበያ ቀን የራሱ ዳለቻ በቅሎ ጠፋች። በሦስተኛው ቀን ጉና ሥር ታምራት ከሚባል ገበሬ ደጅ ታስራ አገኛት። ታምራትም ዳለቻ በቅሎ ጠፍታበት ሲፈልግ ሰንብቶ ይህችን ሜዳ ላይ ቢያገኛት «ተመስገን» ብሎ ወስዷታል። ሁለቱም «የኔ ናት» ብለው ማሉ፤ ሁለቱም የሚዋሹ አልመሰላቸውም። ነገሩ ለሽማግሌ ቀረበ። አስማማው በቅሎዋን ካጣ ገብሱን በጫንቃው ሊያወርድ ነው። ይህ እንኳ ብዙም አላስጨነቀው። ዘጠኝ ዓመት አብራው የሄደችበትን መንገድ ብቻውን መሄድ ግን ፈራ።

«በጆሮህ ትመካ የለም?» አሉት የሽማግሌዎቹ አለቃ አያ ዳኛቸው። «እንግዲያው በጆሮህ ለያት።»

ከአንድ የድንጋይ ካብ ጀርባ አራት በቅሎዎች ታሰሩ፤ አንዷ የክርክሩ በቅሎ ናት። ከካቡ ወዲህ ባለጉዳዮቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። ለበቅሎዎቹ ተራ በተራ ገብስ በሰፌድ እያሳዩ ነሷቸው። ሁሉም ተራቸውን ጠብቀው ጮኹ።

«የኔዋ ስትጮህ መንደር ትቀሰቅሳለች» አለ ታምራት። «ሦስተኛዋ ናት።»

ሦስተኛዋ የአያ ዳኛቸው ነበረች። አያ ዳኛቸው ወደ አስማማው ዞሩ።

አስማማው የአገሩን በቅሎ ሁሉ ሲያዳምጥ ኖሮ የራሱን በቅሎ ድምፅ አንድ ቀን እንኳ እንዳልሰማ ያን ጊዜ ገና ትዝ አለው።

«የመጀመሪያዋ የነጋዴው የኑሩ ናት፤ ጉንፋን ይዟታል» አለ። «ሁለተኛዋ የእትዬ ፈንታነሽ ናት። ሦስተኛዋ የእርስዎ። አራተኛዋን...» ጆሮውን ወደ ካቡ አዘነበለ። «አራተኛዋን በዕድሜዬ ሰምቻት አላውቅም። የኔ እሷ ናት።»

«ሰምተህ የማታውቀውን ድምፅ እንዴት አወቅኸው?»

«ገብሷን ሳትጠይቀኝ ነዋ የምሰጣት፣ አያ ዳኛቸው» አለና እንባውን በጋቢው ጫፍ ጠረገ።

ታምራት ከካቡ ጀርባ ዞረ። ገመዱን ራሱ ፈትቶ በቅሎዋን አመጣለት።