ለአሳማ የታኘከ ጎደሬ

የቮሙሌ መንጋጋ ጥርሶች እንደ ወንዝ ጠጠር ልሙጥ ሆነው የቀሩት በእርጅና አይደለም፤ ሴትየዋ ገና ሃምሳ አልደፈነችም። የጨረሳቸው አሳማ ነው። ነክሷት ወይም ገፍቷት እንዳይመስላችሁ፤ ጎደሬ ስታኝክለት ነው ያለቁት።

አምባኤ ደሴት ላይ ወንድ ልጅ ሲወለድ የሚወጣለት ስም የቤት ስም ነው። የአደባባዩን ስም የሚያገኘው፣ ሽማግሎቹ በሚቀመጡበት ሰሌን ላይ የሚቀመጠው፣ ክራንቻው ዞሮ የገጠመ አሳማ ካረደ በኋላ ነው። ክራንቻ ደግሞ እንዲሁ አይገጥምም። የአሳማው የላይ ክራንቻ በግልገልነቱ ይነቀላል፤ የታችኛው የሚያቆመው ሲያጣ ወደ ላይ ያድጋል፣ ይቆለመማል፣ ዓመታት ፈጅቶ እንደ ቀለበት ዞሮ ወደ መንጋጋው ይመለሳል። እስከዚያ ድረስ አሳማው አፈር ከቆፈረ ክራንቻው ሊሰበር ይችላል፤ ከተሰበረ የቀረው ሥጋ ብቻ ነው። ስለዚህ ታስሮ፣ ድንጋይ በተነጠፈበት ጎጆ ውስጥ፣ ከእጅ እየጎረሰ ይኖራል። ክራንቻው ጉንጩን መጫን ሲጀምር ማኘክ ያመዋል። ያኔ በቤቱ ካሉት ጥርሶች ሁሉ ለዚህ ሥራ የሚመደቡት የሚስት ጥርሶች ናቸው። ባልማ ስም የሚጠብቅ ሰው ነው፣ እንዴት ተቀምጦ ያኝካል?

ባሏ ጋራኤ ክፉ ሰው አይደለም። አይጠጣም ባይባልም ጠጥቶ አይሳደብም፤ ቤተ ክርስቲያን ላይ ጣሪያ ሲፈስ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። ግን አባቱ የአደባባይ ስም ሳያገኙ ስለሞቱ ነገሩ ከሆዱ አልወጣ ብሎታል። የሚጠራበትን ስም እንኳ በልቡ መርጦ ጨርሷል። ለቮሙሌ አልነገራትም፤ እሷ ግን ታውቀዋለች፣ በእንቅልፍ ልቡ ሲናገረው ሰምታለች። አሳማውን እሷ «ሽማግሌው» ትለዋለች፤ ቁጭ ብሎ ስለሚጎርስና ሲዘገይበት ስለሚቆጣ። ማናሮ ተራራ አመድ መትፋት በጀመረበት ዓመት የሽማግሌው ክራንቻ ሊገጥም የቀረው የትንሽ ጣት ውፍረት ብቻ ነበር።

ተራራው ቀድሞም ያጉረመርም ነበር፣ ሰው ለምዶታል። የዚህኛው ግን ልክ አጣ። አመዱ ሲዘንብ ሰንብቶ የጎደሬው ቅጠል መሬት ላይ ተኛ፣ ሙዙ ከወገቡ ታጠፈ፣ የቅጠል ጣሪያው ከብዶት ወረደ። ከጣሪያ የሚጠራቀመው ውሃ ኮመጠጠ። ቮሙሌ ከአመድ ሥር ጎደሬ እየፈለገች ትቆፍራለች፣ ታጥባለች፣ ትቀቅላለች፤ ስታኝከው ግን አሸዋው ከጥርሷ ጋር ይፋጫል። አንዳንድ ቀን ለሽማግሌው አኝካ ስትጨርስ ለራሷ የሚተርፍ አቅም ስለማይኖራት ውሃ ጠጥታ ትተኛ ነበር።

በመጨረሻ መንግሥት ሰው ሁሉ ከደሴቲቱ ይውጣ አለ። መርከብ መጣ። ባሕሩ ዳር የቆመው ወጣት ፖሊስ ሰው፣ ልብስና ምንጣፍ ያሳልፋል፤ ሌላውን ይመልሳል።

«እንስሳ አይጫንም» አለ ሽማግሌውን አይቶ።

«ይሄ እንስሳ አይደለም» አለው ጋራኤ።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«የዐሥር ዓመት ሥራ ነው።»

«ጋሼ፣ የዐሥር ዓመት ሥራም አይጫንም» አለ ልጁ። ማላገጡ አልነበረም፤ የእሱም አባት አሳማዎች ጫካ ተለቀው ቀርተዋል።

ጋራኤ ልጆቹን ከዘመድ ጋር በመርከቡ ሰደደና የአጎቱን ልጅ ጀልባ ለመነ። ቮሙሌ ከሠራቻቸው ቀያይ ሰሌኖች ያማረውን፣ ለልጇ ሠርግ ያስቀመጠችውን አውጥታ፣ ክራንቻው ከጀልባው ጠርዝ ጋር እንዳይላተም የአሳማውን ጭንቅላት ጠቀለለችበት። እስከ ማዬዎ ደሴት ድረስ አሳማው መንገዱን ሁሉ ጮኸ፣ ጋራኤ መንገዱን ሁሉ አስመለሰው። ክራንቻው ደህና ደረሰ።

ማዬዎ ላይ የተቀበሏቸው እማማ ኔሊ የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ናቸው። ማዬዎ ውሃ ሞልቶ የተረፋት ደሴት ስለሆነች ጎደሬ የሚተከለው በእርከን ላይ ነው፤ ጅረቱ ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው እየወረደ ያጠጣዋል። የእማማ ኔሊ እርከን ከአያታቸው የወረሱት ነው። ለእንግዶቹ የልጃቸውን ጎጆ ለቀቁላቸው፤ ማታ ማታ ደግሞ የተቀቀለ ጎደሬ በሙዝ ቅጠል ሸፍነው ይዘው ይመጣሉ።

«ብሉ ልጆቼ። ተራራ የጣለውን ሰው ጎደሬ ያነሳዋል» ይላሉ።

ቮሙሌ ጎደሬውን ለሦስት ትከፍለዋለች፤ ለባሏ፣ ለራሷ፣ ለሽማግሌው። የሽማግሌውን ድርሻ አኝካ ታጎርሰዋለች። አሳማው የታሰረው ፍሬው እንደ ዳቦ ተጠብሶ በሚበላ ዛፍ ሥር በባዶ አፈር ላይ ነበር፤ ጋራኤ ከወንዝ ድንጋይ አምጥቶ ሊያነጥፍለት ነገ ነገ ይላል። ገመዱንም የባሕር ጨው በልቶታል። ቮሙሌ ገመዱ መቅጠኑን አይታ፣ እሑድ ይለፍና እለውጠዋለሁ አለች።

እሑድ አላለፈም። ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሳለ ሽማግሌው ገመዱን በጠሰው። ዕድሜውን ሙሉ ድንጋይ ላይ የኖረ ፍጡር ነው፤ እርጥብ አፈር ሲሸተው ምን ያድርግ? ከቅዳሴ ሲመለሱ የእማማ ኔሊ እርከን ከላይ እስከ ታች ተገልብጦ ነበር። ግድቡ ፈርሷል፣ ውሃው በመንገዱ ይፈሳል፣ ጎደሬው ሥሩ ወደ ሰማይ ሆኖ ተንጋሏል። አሳማው ጭቃው መሃል ተዘርግቶ ዓይኑን ጨፍኗል።

ጋራኤ በእሑድ ልብሱ ጭቃው ውስጥ ገባ። ተንበርክኮ፣ ሸሚዙን አውልቆ፣ ክራንቻውን በአንድ ጎን ጠረገው፣ በሌላው ጠረገው፣ በጣቱ ዳሰሰው።

«ደህና ነው!» ብሎ ጮኸ። ሳቀም። «ቮሙሌ፣ አልተነካም! ደህና ነው!»

ቀና ሲል እማማ ኔሊ ጠርዙ ላይ ቆመዋል።

«ክራንቻው ደህና ነው?» አሉት።

«ደህና ነው እማማ።»

«እሰይ» አሉና ቀሚሳቸውን ሰብስበው ውሃው ውስጥ ገቡ፤ ሊተርፍ የሚችለውን ጎደሬ አንድ በአንድ እያቃኑ መትከል ጀመሩ። ቮሙሌ በዚያች ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ሰው ሲበደል ይሰድባል፣ ይከሳል፣ ቢያንስ ፊቱን ያጠቁራል። እማማ ኔሊ ሆድ ይፍጀው ብለው ዝም አሉ፤ ይባስ ብለው ማታ ጎደሬውን በሙዝ ቅጠል ሸፍነው እንደ ወትሮው ይዘው መጡ። ለወትሮው ሙሉ የነበረው ቅጠል ግማሽ ሆኗል። ቮሙሌ አንዷን ቁራሽ አፏ ውስጥ ከተተች፣ አልወርድ አላት። ለሽማግሌው ለማኘክ ስትነሳ ደግሞ አሮጊቷ ይህንንም ሲያዩ እንደከረሙ ትዝ አላት። ለሰው ብለው ከአፋቸው ነጥቀው የሰጡትን ጎደሬ አሳማ ሲጎርሰው በየቀኑ አይተዋል፣ አንድ ቀን አልተናገሩም።

ጋራኤ ሳምንቱን ሙሉ ግድቡን ሲጠግን ዋለ፤ ይህን አይነፍጉትም። ግድብ ይጠገናል፣ ጎደሬ ግን ተተክሎ እስኪበላ ዓመት ይጠብቃል። የመንደሩ ሹም ቦኤ፣ የእማማ ኔሊ ታናሽ ወንድም፣ በዚያ መንገድ ሲያልፍ ሰላምታ መስጠት ተወ።

«ይሄን አሳማ ለእማማ ኔሊ እንስጥ» አለችው ቮሙሌ።

ጋራኤ በትክክል የሰማ አልመሰለውም። «ምን አልሽ?»

«ሰማኸኝ።»

«አብደሻል? ትንሽ ጣት ነው የቀረው! አገር ቤት ስንመለስ እንክሳቸዋለን።»

«በምን? በአመድ?»

«እጄ እኮ አመድ አፋሽ ነው» አለ ጋራኤ፣ ቁጭ ብሎ። «ለፍቼ ለፍቼ፣ ዐሥር ዓመት አሳድጌ፣ አሁን ሌላ ሰው ስም ሊያወጣበት?»

«ማን ነው ያሳደገው?»

ጋራኤ ፊቱን ወደ አሳማው አዞረ።

«እጅህን አምጣ» አለችው። ጣቱን ይዛ አፏ ውስጥ ከተተችና መንጋጋዋን አስዳሰሰችው፤ በዚህ በኩል፣ ከዚያ በዚያ በኩል። ሚስቱ ናት፣ ልጆች ወልዳለታለች፤ አፏን ግን እንዲህ አውቆት አያውቅም። ጣቱን አውጥቶ ተመለከተው።

«ስሙ ያንተ ነው፣ አልነጥቅህም» አለች። «ስሙ ግን ገና አልመጣም። ጥርሱ ሄዷል። እኔ የሰው ጎደሬ አጥፍቼ የሰው ጎደሬ እየበላሁ አልኖርም። አንተ ካልወሰድክላቸው እኔ ጎትቼ እወስደዋለሁ፤ የቱ እንደሚያሳፍርህ ራስህ ምረጥ።»

ሴት ክራንቻ ያለው አሳማ ይዛ አደባባይ ስትወጣ ታይቶ አይታወቅም። ጋራኤ መረጠ። በማግስቱ ሰው እያየ ሽማግሌውን እየመራ እማማ ኔሊ ደጅ ቆመ።

«እንግዳ ሆነን መጣን፣ አጠፋን» አለ። «ያለን ይሄ ነው።»

«ልጄ፣ ይሄንማ አልጠየቅኩህም» አሉ እማማ ኔሊ።

«አልጠየቁም እማማ። የከበደን እሱ ነው።»

ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ቮሙሌ ኮራችበት፤ ገመዱን በእህቱ ፈንታ ለተቀበለው ለቦኤ ሲያቀብል ግን እጁ ቶሎ አልለቀቀውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦኤ ሰላምታውን መለሰ፤ የመንደሩ ሰዎችም «እንግዶቹ» ማለት ትተው በስማቸው ይጠሯቸው ጀመር።

ሽማግሌው ግን ውል አያውቅም። ከማንም እጅ አልጎርስም አለ። በሦስተኛው ቀን እማማ ኔሊ እየሳቁ መጡ።

«ነይ እስቲ፣ አሳማሽ ሊሞትብኝ ነው።»

«አሳማዬ አይደለም፣ የእርስዎ ነው እማማ።»

«የእኔ ከሆነማ ምን ላድርገው? አፌን እዪው፣ ከድድ ሌላ ምን አለ? በምን ላኝክለት?»

ቮሙሌ ሄደች። ከዚያ ወዲያ የሌላ ሰው የሆነውን አሳማ፣ የሌላ ሰው ጎደሬ እያኘከች ስታጎርስ ከረመች። ጋራኤ በዚያ በኩል አያልፍም ነበር። የቦኤ ምራት እያጉረመረመች ሥራውን ከእሷ ተማረች።

ማናሮ ዝም ሲል ሰው ወደ አምባኤ ተመለሰ። ቤቶቹ ጣሪያ አልነበራቸውም፤ የጋራኤ ቤት ግድግዳውም ጎድሏል። አመዱን ዝናብ ወደ አፈሩ አስገባው፣ ጎደሬውም ከዚያ በፊት ባልታየ ውፍረት በቀለ። ተራራው የወሰደውን ሲመልስ እንደዚያ ነው፤ ለሁሉ ሰው እኩል አይመልስም እንጂ።

ከማዬዎ የመጣ ጀልባ ወሬ አመጣ። ቦኤ በእህቱ ፈቃድ አሳማውን አርዶ ስም አውጥቷል፤ አሳማው ከማን እንደመጣም ሰው በተሰበሰበበት ተናግሯል።

«ክራንቻው ገጠመ?» አለ ጋራኤ።

«ገጠመ» አለው ጀልባ ነጂው።

ጋራኤ ተነስቶ ወደ ባሕሩ ሄደ፣ እራት ሲቀርብ ተመለሰ፣ በልቶ ተኛ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን የላይ ክራንቻው የተነቀለ፣ ድዱ ገና ያልዳነ ግልገል አሳማ ታቅፎ መጥቶ ቮሙሌ ፊት አስቀመጠው።

«ድዱ እስኪድን የታኘከ ነው የሚበላው» አለ።

«ሌላ አፍ ፈልግለት» አለች ቮሙሌ።

ቀልድ መሰለው፣ ሳቀ። እሷ የሰሌን ሥራዋን ቀጠለች። ግልገሉ አለቀሰ። ጋራኤ ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ፤ ሴት ልጁ ከጓዳ ብቅ ብላ ተመልሳ ገባች። መጨረሻ ላይ ጎደሬውን አነሳና ጎጆው ጥግ ዞሮ ተቀምጦ ማኘክ ጀመረ። የመጀመሪያውን ሳያስበው ዋጠው።

በመንገድ የሚያልፉ ወንዶች አዩት። «ጋራኤ፣ ምሳ ደረሰ እንዴ?» አለ አንዱ። «ተወው፣ አጥቢ ሆኗል» አለ ሌላው። አፉ ሙሉ ስለነበር ሊመልስላቸው አልቻለም።

አላቆመም። በሦስተኛው ቀን ማታ ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ ቮሙሌ አጠገብ መጥቶ ተቀመጠ።

«መንጋጋዬ እስከ ጆሮዬ ያመኛል» አላት። «አንቺንም እንዲህ ያምሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ያን ሁሉ ዓመት?»

«ያን ሁሉ ዓመት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ቮሙሌ ከሥራዋ ቀና ብላ አየችው።

«አፌ መቼ ባዶ ሆኖ» አለችው።